አርባ አንደኛው ተሳፋሪ

ሴትዮዋ የልብስ ስፌት መኪና የምትጠግነው በጆሮዋ ነው፤ እጇ የሚከተለው ኋላ ነው። የታመመ መኪና ሲመጣላት ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች፣ ቁራጭ ጨርቅ ታጎርሰዋለች፣ ፔዳሉን በቀስታ ትረግጥና አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል አድርጋ ዓይኗን ትጨፍናለች። ያኔ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይውጣል።

"ኩሽኔታው ደርቋል" ትላለች ዓይኗን ሳትገልጥ። ወይም፣ "ቺንጋው ላልቷል። አንቺም መጋረጃ ሰፍተሽበታል፤ አትዋሺኝ።"

ባለመኪናዋም አትዋሽም። ምን ብላ! ብረቱ ቀድሞ ተናዟል። ስለዚህ ነው ሰፈሩ በሙሉ እውነተኛ ስሟን ረስቶ "እትዬ ጆሮ" የሚላት።

ሙያውን የወረሰችው ከአባቷ ነው። ያ ሰው ዘይት ሲቀባም፣ ብሎን ሲያጠብቅም፣ ካቻቪቴው ጠፍቶበት ሲፈልግም ያንጎራጉር ነበር። ልጁን ከጠረጴዛው ጥግ ያስቀምጥና አንድ ጆሮዋን ከመኪናው ጎን አስደግፎ እንዲህ ይላት ነበር፦

ብረት አፍ የለውም እያሉ ያሙታል፣
ቀርባ ላዳመጠች ስንቱን ያወጋታል።

አባቷ ካለፈ ብዙ ዘመን ሆነ። የቆዳ ቦርሳው ግን አለ፤ በውስጡም ካቻቪቴዎቹ፣ ፒንሳው፣ አፈ ቀጭኗ የዘይት ጣሳ በየኪሳቸው አሉ። ከቤቷ የፊት ክፍል፣ በሯ ወደ መንገድ የሚከፈት፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እስከ ጠረጴዛው እግር ድረስ የምትገባላት ክፍል ውስጥ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ከሰው መኪና ጋር ስታወጋ ኖረች። ብረቱ ያወራል፤ እሷ ትሰማለች። ከዚህ የበለጠ ምን ትፈልጋለች?

አንድ ደረቅ ከሰዓት በኋላ የሙሽራ ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን ልታስጠርግ አመጣች። ይቺ ሴት ከሁለት መንገድ ማዶ ሱቅ አላት፤ መርፌ የተሰካባት ትንሽ ትራስ ከክንዷ አትለይም፤ ወሬዋም እንደ ስፌቷ ክር አይበጠስም። እትዬ ጆሮ መኪናውን ጠረገች፣ ዘይት አጠጣች፣ ከዚያም እንደ ልማዷ አንገቷን ዘንበል አደረገች።

ፊቷ ተለወጠ።

"ይሄ ነገር ያፏጫል።"

"እኔ ምንም አይሰማኝም፣ እትዬ።"

"አፍሽን ብትዘጊ ይሰማሽ ነበር።"

ፉጨቱ ቀጭን ነው፤ እንደ ተወጠረ ክር፣ ሊበጠስ ሲል የማይበጠስ። ኩሽኔታውን ቀየረች፤ ያፏጫል። በማግስቱ ቺንጋውን ቀየረች፤ ያፏጫል። በሦስተኛው ቀን ሆዱን ዘርግፋ፣ ከመርፌው ሥር ክሩን የምትቀበለውን መንጠቆ ሳይቀር ነቅላ፣ ሁሉንም በነጭ ጨርቅ ላይ ደርድራ አጠበች። መልሳ ልትገጥም ስትል የሙሽራ ልብስ ሰፊዋ ከወንበሯ ሆና፣ "እትዬ፣ ሙሽራዋ ከማርጀቷ በፊት ይደርስ ይሆን?" አለቻት። አልሳቀችላትም። ገጣጥማ፣ የመንጠቆዋን ብሎን አስራ ሳትጨርስ ሞተሩን አስነሳች። ፉጨቱ አሁንም አለ።

በዚህ መሐል መብራት ጠፋ።

ከማዶ ያለው የእንጨት ሥራ ቤት መጋዝ እየቃተተ ቆመ። የጎረቤት ራዲዮ ዘፈኑን መሐል ላይ ቆረጠው። የመኪናው ጎማ ሦስት ዙር ያህል በስንፍና ዞሮ ቀጥ አለ። መንገዱ ሁሉ ጸጥ፣ ረጭ አለ።

ፉጨቱ ግን አልቆመም።

እትዬ ጆሮ እጇን ከመኪናው ላይ ሳታነሳ ቀረች። የቆመ ጎማ፣ የቆመ መርፌ፣ የቆመ ሞተር፤ ፉጨቱ ግን ከቅድሙ ይልቅ ጠርቶ፣ ብቻውን መድረኩን አግኝቶ ያዜማል። ከመኪናው አይደለም። ከዚያ ከታመነው፣ ሰፈር ከመሰከረለት፣ ስም ካወጣላት ከገዛ ጆሮዋ ነው።

"ተሠርቷል" አለች በደረቀ ድምፅ። "ውሰጂው።"

መብራቱ እስኪመለስ አልጠበቀችም።

ከዚያ በኋላ ያለው ወር የጦርነት ወር ነበር። ራዲዮውን ከፍ አደረገች፤ ፉጨቱም ከፍ አለ። ጥጥ ወተፈች፤ ፉጨቱን ከራሷ ጋር ቆለፈችው። ጎረቤት የሞቀ ዘይት ጠብ አድርጊበት አለቻት፤ ጠብ አደረገች፤ ትራሷ ቅባት ሆነ እንጂ ፉጨቱ ንክች አላለም። የቧንቧ ውኃ ከፍታ ከጎኑ መቆም ጀመረች። ባሏ፣ ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣው ሾፌር፣ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ያያታል።

"አንቺ ሴትዮ፣ ወንዝ ልታመጪልን ነው?"

"ተወኝ።"

"ምንድን ነው የሚለው?"

"ፊ... ይላል። ሌላ ነገር አያውቅም። ቀኑን ሙሉ ፊ..."

"ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ ይሄን ያህል ባዳ መሆኑን ግን ገና ዛሬ አየሁ።"

ሐኪም ዘንድ ሄደች። ወጣቱ ሐኪም በመስታወት በተዘጋች ጠባብ ክፍል አስገብቶ ማዳመጫ አጠለቀላት፤ ቁልፍም አስጨበጣት። "እናቴ፣ ድምፅ በሰሙ ቁጥር ይጫኑ" አላት። ተጫነች። ደግማ ተጫነች። ሦስተኛ ልትጫን ስትል ሐኪሙ በሩን ከፈት አድርጎ ራሱን አስገባ።

"እናቴ፣ ገና አልጀመርኩም።"

በሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። ሐኪሙ መርምሮ ሲጨርስ ወንበሩን ወደ እሷ ሳብ አድርጎ አስረዳት። የጆሮዋ ቀጫጭን ድምፅ ተቀባዮች በሞተር ጩኸት ብዛት ደክመዋል፤ ቀጭኑን ድምፅ ሲያጣ አንጎል የራሱን ያዜማል። አይገድልም፤ ሌላ በሽታም የለበትም። ግን ምናልባት አይጠፋም።

"መድኃኒት የለውም?"

"ከሚያሳድዱት ሰዎች ይልቅ የለመዱት በሰላም ሲኖሩ አይቻለሁ" አላት በትሕትና።

እሷ ግን የሰማችው "አይጠፋም" የሚለውን ብቻ ነው። ቤቷ እንደ ገባች የአባቷን መሣሪያዎች አንድ በአንድ በዘይት ጨርቅ ጠቅልላ በቦርሳው ከተተች። በካርቶን ላይ "ተዘግቷል" ብላ ጽፋ በሩ ላይ ሰቀለች። ሌላው ሠራተኛ ዓይኑ ቢደክም መነጽር አለው፤ እሷ ግን ጆሮዋን ካላመነች የቱ ድምፅ የመኪናው፣ የቱ የራሷ እንደሆነ በምን ትለየዋለች? በሰው መኪና ስታላግጥ ከመኖር በክብር መዝጋት ይሻላል። ይህን ስታስብ፣ ከየት እንደመጣ ሳታውቅ፣ በአባቷ ዜማ አንድ ስንኝ ከአፏ ወጣ፦

በሬን ዘጋሁበት፣ መስኮቴን ዘጋሁ፣
ለካ እንግዳው ውስጥ ነው፣ እኔ ውጭ ቀረሁ።

ባሏ ሰማት። በማግስቱ ጠዋት ነጠላ ጫማዋን ከአልጋው ሥር አውጥቶ ከእግሯ ሥር አኖረላት።

"ተነሺ። ላሳይሽ የምፈልገው ነገር አለ።"

የወሰዳት ሩቅ አይደለም፤ የመንገዱ መታጠፊያ ድረስ ነው። እዚያ የድንጋይ አግዳሚ አለ። ተቀመጡ። ትንሽ ቆይቶ ድሮ እሱ ይነዳው የነበረው ቢጫ አውቶቡስ መጣና መስቀለኛው ላይ ቆመ። ድምፁ ከአውቶቡሱ ቀድሞ ደርሶ ነበር፤ አርባ ልጅ በአንድ ላይ ይዘፍናል፣ ይጣላል፣ ይስቃል፣ መስኮት ይደበድባል። አዲሱ ሾፌር አንገቱ ላይ ያሉት ሥሮች ተገታትረው ወደ ኋላ ዞሮ "ዝም በሉ!" ብሎ ጮኸ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ጸጥ አለ፤ ከዚያ እጥፍ ሆኖ ፈነዳ። የትራፊክ መብራቱ አረንጓዴ ሆኗል፤ ሾፌሩ ግን ገና ልጆቹን እየተቆጣ ነው። ከኋላው ያለው መኪና ጥሩንባ ነፋበት።

ባሏ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

"አየሽው? እኔም የመጀመሪያውን ዓመት እንዲሁ ነበርኩ። ስቆጣ ይብሳሉ፣ ሲብሱ እቆጣለሁ። አንድ ቀን አጥር ገጨሁ። ማንም አልተጎዳም፤ እኔ ግን ደንግጬ እቤት ገባሁ። ትዝ ይልሻል?"

"ትዝ ይለኛል። እራትህን አልበላህም።"

"ከዚያ ዘዴ አገኘሁ። ጠዋት ሲገቡ እቆጥራቸዋለሁ። አንድ፣ ሁለት... አርባ። ሁሉም አሉ። እንደሚጮኹ አውቃለሁ፤ ልጆች ናቸው። 'አላችሁ፤ እሺ' እላለሁ በሆዴ። ከዚያ መንገዴን አያለሁ። ጩኸቱ አልቀነሰም እኮ! ግን መሪውን የያዘው እሱ ሳይሆን እኔ ሆንኩ።" ከዚያም ጨመረ፤ "ዝም ሲሉ ነው እንዲያውም የምደነግጠው። አርባ ልጅ ዝም ካለ አንድ ነገር እያጠፋ ነው።"

ፈገግ አለች፤ በወሩ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

"ያንቺ ፉጨት አርባ አንደኛው ተሳፋሪ ነው" አላት ከአግዳሚው እየተነሳ። "ውረድ ብትዪው አይወርድም፤ ትኬት አለው። ቁጠሪውና ንጂ።"

"አንተ ደግሞ ከጡረታ ወዲህ ሐኪም ሆነሃል።"

"ሐኪሙስ ምን አለሽ? ያው አይደል?"

ያው ነበር፤ አሁን ገና ገባት።

በማግስቱ ጠዋት በተዘጋው ክፍሏ ገብታ ከባዶ ጠረጴዛዋ ፊት ተቀመጠች። ራዲዮ የለም፣ ቧንቧ የለም። አንድ ብርጭቆ ሻይ ከፊቷ አኖረች፤ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ላትነሳ ከራሷ ጋር ተስማማች። ሻዩ እንፋሎቱን ሳይጨርስ ፉጨቱ ጆሮዋን ሞላው፤ ብድግ ብላ ወጣች። በሁለተኛው ቀንም ወጣች። በሦስተኛው ቀን ሻዩ ለብ እስኪል ቆየች፤ ግን ጥርሷን ነክሳ ነው፤ መንጋጋዋ ሲያማት ዋለ።

በአምስተኛው ቀን ይሁን በስድስተኛው፣ መቁጠር ጀመረች። ፀሐይ የነካው የጣሪያ ቆርቆሮ ሲለጠጥ ቋ ይላል፤ አንድ። የጎረቤት መጥረጊያ፤ ሁለት። ከጣሪያው ጠርዝ ላይ እርግብ፤ ሦስት። የባሏ ነጠላ ጫማ ከወጥ ቤት፤ አራት። የራሷ ትንፋሽ፤ አምስት። ፉጨቱ...

እዚህ ላይ ቆመች። አንድ ነገር ታወሳት። ሠላሳ አምስት ዓመት የሰው መኪና ሁሉ ቀርባ አዳምጣለች፤ ይህን አንዱን ግን ከመጣ ጀምሮ ስታባርረው እንጂ አንዴም አዳምጣው አታውቅም። አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል አደረገች። ዓይኗን ጨፈነች። እንደ ደንበኛ መኪና፣ እንደ አባቷ ልጅ፣ ፉጨቱን አዳመጠችው።

አንድ አልነበረም፤ ሁለት ነው። አንዱ ቀጭን፣ ከሩቅ እንደሚሰማ የብረት ገመድ፤ ሌላው ከሥሩ ወፈር ብሎ የሚያጅበው። ትንፋሿን ስታወጣ ቀጭኑ ይደበዝዛል፤ ስትስብ ይመለሳል። ትከሻዋን ስታኮማትር ሁለቱም ይጠነክራሉ፤ ስትለቅቀው ራቅ ይላሉ። ክፉ አይደለም። ደግም አይደለም። ያለ ነገር ነው። ከሥሩም ሌላ ነገር አገኘች፤ ሐዘን። እያረጀች ነው። አባቷም በመጨረሻ ዓመታቱ ጆሮው ከብዶት፣ ሲጠሩት ከመስማት ይልቅ ፈገግ ማለት ይቀናው ነበር። እንባዋ መጣ፤ እሱንም አልከለከለችውም። ስድስት ብላ ፉጨቱን፣ ሰባት ብላ እንባዋን ቆጠረች።

ሻዩን በረዶ ሆኖ አገኘችው። ቀዝቃዛውን ጠጣችው፤ ጣፈጣት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ፉጨቱ ጠፋ ብል ውሸት ይሆናል። አንዳንድ ቀን ይከፋል፤ አንዳንድ ቀን እሷም ትከፋለች። ግን ጠዋት ጠዋት ትቆጥረዋለች፣ ታስቀምጠዋለች፣ ወደ ቀኗ ትዞራለች። ካርቶኑ ብቻ በሩ ላይ ቀረ። መቀመጥ አንድ ነገር ነው፤ የሰው መኪና መንካት ሌላ። ቦርሳውን ለመክፈት እጇ እምቢ አለ።

እንዲህ እያለች አንድ ሐሙስ የሙሽራ ልብስ ሰፊዋ ካርቶኑን ከነሚስማሩ ወደ ጎን ገፍታ፣ መኪናዋን እንደ ሕፃን አቅፋ፣ እያለከለከች ገባች።

"እትዬ! ስፌት ይዘላል! አንድ ይሰፋል፣ ሁለት ይዘላል። ቅዳሜ ሠርግ አለ፤ የሙሽራዋ እናት ደግሞ በቀን አራቴ ትመጣለች፤ ከመኪናው ይልቅ እሷን ብትጠግኚልኝ በወደድኩ!"

እትዬ ጆሮ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም። ፉጨቱ ይህን ጠብቆ እንደነበር ሁሉ ከፍ አለ።

"ከመንካቴ በፊት የምነግርሽ ነገር አለ" አለች። "ያን ጊዜ መኪናሽ ምንም አልሆነም ነበር። የሚያፏጨው የኔ ጆሮ ነው። ሦስት ቀን ያለ ጥፋቱ ሆዱን ዘረገፍኩት። አሁንም ያፏጫል። ስለዚህ ሌላ ሰው ብትፈልጊ አልቀየምሽም።"

የሙሽራ ልብስ ሰፊዋ መኪናውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"አውቄያለሁ እኮ።"

"ምን?"

"መብራት ሲጠፋ ፊትሽን አየሁት። መኪናው ቆሟል፤ አንቺ ታዳምጫለሽ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? አንቺ ዝም ማለት የት ታውቂና!"

"አንዴ ብሞክረው ምን አለበት ብዬ ነው። በይ አሁን ዘንበል በይልኝ፤ አንገትሽን።"

እትዬ ጆሮ ቦርሳውን ከመደርደሪያው አወረደችው። ጨርቁን ፈታች። የካቻቪቴው እጀታ ያው ነው፤ የአባቷ አውራ ጣት የቦረቦረው ቦታ ላይ የእሷ አውራ ጣት ገባ። ቁራጭ ጨርቅ አጎረሰች፣ ፔዳሉን ረገጠች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

መጀመሪያ የሰማችው ፉጨቱን ነው። ድሮ ቢሆን እሱን ገፍታ ለማለፍ ትታገል ነበር። አሁን ትከሻዋን ለቀቀች። አለህ፤ እሺ፤ ተቀመጥ። ከዚያ ሌሎቹን ቆጠረች፤ ሞተሩ፣ ቺንጋው፣ መርፌው ጨርቁን ሲበሳ፣ የሙሽራ ልብስ ሰፊዋ የታፈነ ትንፋሽ። መዳፏን በመኪናው ጎን ላይ አሳረፈች። እዚያ፣ ከሁሉም ሥር፣ መርፌው በወረደ ቁጥር አንዲት ትንሽ ነገር "ጠቅ" ትላለች። ደግማ ጠቅ። ጆሮዋም ሰማ፣ መዳፏም ሰማ።

ሞተሩን አጥፍታ ክዳኑን ከፈተች። የመንጠቆዋ ብሎን ግማሽ ዙር ላልቷል። ለረጅም ጊዜ አየችው። ይህን ብሎን ያሰረችው እሷ ናት፤ ያን ቀን፣ አንድ ጆሮዋን ለፉጨቱ ሰጥታ። መጨረሻ ላይ ሳታጠብቀው ቀርታለች።

"የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ" አለች ቀስ ብላ። "የሌለ በሽታ ሳሳድድ ይሄን እኔ ራሴ ሠራሁልሽ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ብላ ስታበቃ ምድር እንድትከፈት ጠበቀች። ምድር አልተከፈተችም። እርግቧ ጣሪያው ላይ አለች፤ ፉጨቱም አለ፤ የሙሽራ ልብስ ሰፊዋም እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ "ታዲያ ታስሪዋለሽ ወይስ ታለቅሺለታለሽ?" ትላለች።

ሳቀች። መንጠቆዋን ከመርፌው ጋር አስማማች፣ ብሎኑን እስከ መጨረሻው አጠበቀች፣ ደግማ በጣቷ ሞከረችው። መኪናው ሲነሳ ስፌቱ በነጩ ጨርቅ ላይ አንድም ሳይዘል፣ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ሄደ። ጠቅ የምትለዋ ነገር የለችም። ፉጨቱ አለ።

"አሁንስ ያፏጫል?" አለች የሙሽራ ልብስ ሰፊዋ፣ መኪናዋን እያቀፈች።

"ያፏጫል። ያንቺ አይደለም፤ ውሰጂው።"

ከሄደች በኋላ እትዬ ጆሮ ካርቶኑን ከበሩ ላይ ነቅላ፣ ለሁለት አጥፋ ከሚንጠባጠበው የዘይት ጣሳ ሥር አነጠፈችው። ፀሐይዋ የጠረጴዛውን እግር ለቅቃ ወደ ደፍ እያፈገፈገች ነው። መሣሪያዎቹን ወደ ቦርሳው አልመለሰቻቸውም፤ በጠረጴዛው ላይ እንደ ድሮው ደረደረቻቸውና ማንጎራጎር ጀመረች፦

ሂድ ስለው እያደር ሲጠና ጉልበቱ፣
ተቀመጥ ስለው ግን ቀለለኝ ክብደቱ።

ባሏ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዞ ብቅ አለ።

"ግጥሙ ደህና ነው። ድምፅሽን ግን እኔም ከተሳፋሪዎቼ ጋር ቆጥሬ ነው የማልፈው።"

"አንተ ሰውዬ!"

"አርባ አንደኛውስ እንዴት ነው?"

አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል አደረገች። ቆርቆሮው ቋ አለ። ከማዶ መጋዙ ጀመረ።

"አለ" አለች ሻይዋን እየተቀበለች። "በመስኮት በኩል ተቀምጦ መንገድ ያያል።"

ሻዩ ገና ትኩስ ነው። ሳይቀዘቅዝ ጠጣችው።